ምዕራፍ ሰባት፦ ባንዲራ ዱላ ላይ፣ ባንዲራ ጫማ ላይ

በበጌምድር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያ የዋለ ሰው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሳያይ አይመለስም። ባጃጁ መስታወቱ ላይ ለጥፎታል፤ አይሱዙው በግንባሩ ይዞታል። ጎረምሳው የዱላውን አንገት በባለ ሦስት ቀለም ላስቲክ ጠምጥሞበታል። የሴቶቹ ነጠላ ጥለቱ ባንዲራ ነው። ስፌት የምትሰፋ እናት አክርማውን ቀለም ነክራ፣ የመሶቡን ወገብ በሦስቱ ቀለሞች ታዞረዋለች። የማሲንቆው አንገት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ የጠመንጃው ማንገቻ፣ የእጅ አምባሩ፣ የስልኩ ሽፋን፣ የቁልፍ መያዣው፦ ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ ያው ነው።

ይህ ሁሉ ክብር ነው ወይስ ማራከስ? ጥያቄው በየቤቱ አለ፤ ብዙ ጊዜም በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ይነሣል። ልጁ አዲስ ጫማ ገዝቶ ይገባል፤ ማሰሪያው ሦስት ቀለም ነው። አያት ያዩና ፊታቸው ይከፋል። «የኔ ልጅ፣ ስንት ሰው የወደቀለትን እግርህ ላይ ታስረዋለህ?» ይላሉ። ልጁም «አባባ፣ ወድጄው እኮ ነው» ብሎ ይመልሳል። አያትም ልጅም እውነታቸውን ነው። አንዱ የሚወደውን ነገር ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይፈልጋል፤ ሌላው የሚወደውን ነገር ከሰውነቱ ማራቅ አይፈልግም።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የግል ዕቃን በባንዲራ ማስጌጥ በራሱ ንቀት አይደለም። ንቀቱ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው፦ ከተቀመጠበት ቦታ፣ ካረጀ በኋላ ከሚደርስበት ዕጣና ሰውን ለመግፋት ከዋለበት ሐሳብ። ሕጋችን በአብዛኛው የሚጨነቀው ግን በአራተኛ ነገር፣ በመካከሉ ዓርማ መኖር አለመኖሩ ነው። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ያ ጭንቀት ዋናውን ጥያቄ እንዴት እንደጋረደብን ለማሳየት ነው።

የሚሰቀለውና የሚለጠፈው

በገጠር ከተማ ተምሮ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት አለ። ጠዋት ተማሪው ይሰለፋል፤ መዝሙር ይዘመራል፤ ሰንደቁ በገመድ ቀስ እያለ ይወጣል። ማታ ደግሞ በዚያው ክብር ይወርዳል። በዚያች ሰዓት በመንገድ የሚያልፍ ሰው ይቆማል። ሸክሙን እንደተሸከመ የሚቆም አለ፤ አህያውን ይዞ የሚቆም አለ፤ ባርኔጣውን የሚያወልቅ አለ። ሰንደቁ ጫፍ ሲደርስ ወይም ታጥፎ ሲያበቃ ሁሉም ወደ መንገዱ ይመለሳል። ይህን ማንም በጽሑፍ አላስጠናውም፤ ከአባቱ አይቶ የያዘው ነው።

እንግዲህ ያ ተሰቅሎ የሚውለው ጨርቅ አንድ ነገር ነው። ዱላ ላይ የተጠመጠመው ላስቲክ ሌላ ነገር ነው። ለዱላው ማንም ቆሞ አያውቅም፤ ባለቤቱም ማንም እንዲቆምለት አይጠብቅም። ሕጉም ይህን ልዩነት በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማውን ሲገልጽ፣ አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመካከል፣ ቀዩ ከታች፣ ሦስቱም እኩል ሆነው አግድም የተቀመጡበት፣ በመካከሉም ብሔራዊ ዓርማ ያለበት ነው ይላል። የዛሬው ዓርማ፣ ሰማያዊ ክብ ላይ ያረፈው ባለ ጨረር ኮከብ፣ በ1988 ዓ.ም. ተወስኗል። የሰንደቁ ወርድ የቁመቱ ግማሽ ነው። ቀጥሎም የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 መጣ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 863/2006 ተሻሻለ። አዋጁ ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ መጠቀምን፣ በላዩም ሌላ ጽሑፍ ወይም ሥዕል መጨመርን ይከለክላል። በየዓመቱ በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ይከበራል።

አሁን ይህን ድንጋጌ ይዘን ወደ መሶቡ እንመለስ። በመሶቡ ወገብ ላይ የዞረው ሦስት ቀለም ሰንደቅ ዓላማ ነው ካልን፣ ዓርማ ስለሌለው የሰፋችው እናት ሕግ ጥሳለች ማለት ነው። ወርዱና ቁመቱም አይገጥምም፤ ከነጭራሹ ክብ ነው። ሰንደቅ ዓላማ አይደለም፣ ቀለም ብቻ ነው ካልን ደግሞ፣ «ዓርማ የሌለው ሰንደቅ» የሚለው ክስ ሊነካው አይችልም። ከሁለት አንዱ መሆን አለበት። በሀገራችን ብዙ ወጣት የተጨቃጨቀውና የተጎተተው ይህች ክፍተት ባለመዘጋቷ ነው። አንድ ሻርፕ የቀለም ጌጥ ነው ወይስ ሕገ ወጥ ሰንደቅ? መልሱ በቆመው ፖሊስ ዓይን እንዲወሰን ተትቷል።

መንግሥት ራሱ በዚህ ጉዳይ ያለውን ልምድ ማየትም ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጭራ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተስሎ ዓለምን ይዞራል። ዓርማ የለበትም፤ ቀለሞቹም እንደ ሰንደቁ አግድም የተደረደሩ አይደሉም። ንብረትነቱ የመንግሥት የሆነ ድርጅት ዕቃውን በሀገሩ ቀለም ማስጌጡ ነው። ኢትዮጵያዊ በባዕድ አየር ማረፊያ ያንን ጭራ ሲያይ ልቡ ይሞላል። ያንን አይቶ ሀገሬ ተናቀች ያለ ሰው አልሰማሁም። አውሮፕላኑ ላይ ክብር የሆነው ባጃጁ ላይ ውርደት የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ዓርማን በተመለከተ ታሪካችን ራሱ አንድ መልክ የለውም። ሦስቱ ቀለሞች በአንድ ጨርቅ ላይ ተያይዘው የሀገር ሰንደቅ የሆኑት ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘውድ የደፋ፣ መስቀል የያዘ አንበሳ በመካከሉ ነበረ፤ ያለ አንበሳውም ይውለበለብ ነበር። ደርግ መጀመሪያ የአንበሳውን ዘውድ አወለቀ፤ ቀጥሎ አንበሳውን ራሱን አነሣ። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመሠረት ሌላ ዓርማ መጣ። ያም ሄዶ ኮከቡ መጣ። የመካከሉ ምልክት በየመንግሥቱ ሲለዋወጥ ሦስቱ ቀለሞች አልተነኩም። ነጠላ የሚሸምነው ሰው በየዘመኑ ያንኑ ጥለት ሲሸምን የኖረው ለዚህ ነው። በዚህ አድራጎቱ ባለ ዓርማውን ሰንደቅ አልካደም፤ ባለ አንበሳውንም ለመመለስ አልተነሣም። የሸመነው ከእናቱ ቤት ያየውን ነው።

አያት የሚሉት

የልጅ ልጁን የሚቆጡትን አያት ግን በዚህ ብቻ መመለስ አይቻልም። የሳቸው ክርክር ከአዋጁ ይበረታል። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ወረደ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ሰንደቁን መልሰው ተከሉ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ለበጌምድር ሰው ነገሩ በዚያ አላለቀም። ዋና ከተማው ነፃ ወጥቶ እዚህ ጣሊያን ገና አልለቀቀም ነበር። ደብረ ታቦር የነበረው ጦር እጁን የሰጠው በክረምቱ ነው፤ የጎንደሩ ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። የዚህ አካባቢ አርበኛ አዲስ አበባ ሰንደቅ ተሰቅሎ እልል ሲባል ገና ዱር ነበር። ይህን ከአባቱ አፍ ሰምቶ ያደገ ሰው ባንዲራ ሲያይ ጌጥ አይታየውም፤ የሚታየው የተከፈለው ዋጋ ነው።

ሌላም አለ። አርበኛ ወይም ወታደር ሲሞት አስከሬኑ በሰንደቅ ተሸፍኖ ይሄዳል። ያ ጨርቅ የሟችን ሣጥን የሚያለብስ ከሆነ፣ በሣምንቱ ገበያ ላይ ከማስቲካና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተደርድሮ ሲሸጥ ማየት ለሐዘንተኛ ከባድ ነው። «ባንዲራ ጨርቅ ነው» የሚለው አነጋገር በሀገራችን ያን ያህል ሰው ያስቆጣውም ለዚህ ነው። ጨርቅነቱን ያልተረዳ የለም፤ ቁጣው የሟቹን ዋጋ አሳንሰህ ተናገርህ የሚል ነው።

ስለዚህ አያት የሚሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልሰብስበው፦ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር ይለመዳል፣ የተለመደም ይረክሳል። ጥሩ ክርክር ነው። የሚስተው አንድ ነገር ነው። የሀገራችን ሰው ለሚያከብረው ነገር ሁሉ ያደረገው ተቃራኒውን ነው። መስቀልን የሚያከብር ሰው በደረቱ ያንጠለጥለዋል፣ በግንባሩ ይነቀሰዋል፣ በቀሚሱ ያስጠልፈዋል፣ የቤቱ ጉልላት ላይ ያቆመዋል። መስቀል ግን በመብዛቱ አልረከሰም። ቄሱ ሲያሳልም ተሳላሚው በአንገቱ የእንጨት መስቀል ስላለው ሳይሳለም አይቀርም። የሚሰቀለው ሰንደቅና የሚለበሰው ቀለምም እንዲሁ አብረው መኖር ይችላሉ፤ ኖረዋልም።

ሌሎች ሀገሮች የወደቁበትና የተነሡበት

ይህ ጭንቀት የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ አንድ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1970 በጂንስ ሱሪው መቀመጫ ላይ ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ሰፍቶ በመንገድ ሲሄድ ታይቶ ተከሰሰ። ባንዲራዋ ከእጅ መዳፍ ብዙም አትበልጥም ነበር። የግዛቱ ሕግ ባንዲራን «በንቀት የያዘ» ይቀጣል ስለሚል ስድስት ወር ተፈረደበት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1974 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱ ሊጸና አይችልም አለ። ምክንያቱ ልብ ሊባል ይገባል፦ መቀመጫ ላይ መስፋት መልካም ነው አላለም። ያለው ሕጉ ንቀት የሚለውን ቃል ስላልዘረዘረ ዜጋው ምን እንደተከለከለ አያውቅም፤ ፖሊሱም እንደ ፈቀደ ይይዛል፤ እንዲህ ባለ ሕግ ሰው አይታሰርም ነው። በዚያው ሀገር እ.ኤ.አ. በ1942 ኮንግረስ ያጸደቀው የባንዲራ ደንብ ባንዲራ ልብስ ወይም አልጋ ልብስ እንዳይሆን ይመክራል። ይሁን እንጂ ሰው በጁላይ አራት የነፃነት በዓላቸው ባርኔጣውንም ካናቴራውንም በባንዲራ አድርጎ ይውላል፤ የሚከሰው የለም።

ሕንድ የሄደችበት መንገድ ለኛ ይበልጥ ይቀርባል። እስከ 2002 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ተራ ሕንዳዊ የሀገሩን ባንዲራ እንዳሻው በቤቱ መስቀል አይችልም ነበር። አንድ ዜጋ ተከራክሮ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባንዲራን በክብር መስቀል የዜጋ መብት ነው አለ። በዓመቱ ሕጉ ተሻሽሎ ባንዲራ በልብስ ላይ መዋል ተፈቀደ። አብሮም ድንበሩ ተለይቶ ተጻፈ፦ ከወገብ በታች በሚለበስ ልብስ አይሁን፣ በትራስ፣ በመሐረብ፣ በአፍ መጥረጊያ ጨርቅና በውስጥ ልብስ አይሁን። አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2017 በካናዳ ገጹ የሕንድ ባንዲራ የታተመበት የበር ላይ እግር መጥረጊያ ሲሸጥ የሕንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በይፋ ተቆጡ፤ ዕቃውም ከገበያ ወጣ። ለሕንዶች ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የተቆጡት ባንዲራ ዕቃ ላይ በመታተሙ ሳይሆን ሰው እግሩን የሚጠርግበት በመሆኑ ነው።

የሳዑዲ ዓረቢያ ጉዳይ ደግሞ ልዩ ነው። ባንዲራዋ ላይ የእስልምና የእምነት ቃል ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ አንድ ታዋቂ የምግብ ድርጅት የተሳታፊ ሀገሮችን ባንዲራ በወረቀት ከረጢት ላይ ሲያትም የሳዑዲንም አብሮ አተመ። ከረጢቱ ምግብ ከተበላበት በኋላ ወደ ቆሻሻ የሚጣል ነው። ሙስሊሞች ተቃወሙ፤ ድርጅቱም አቆመ። እዚህ ላይ ጥፋቱ ያለው በማተሙ ብቻ አይደለም፤ መጨረሻው መጣያ በሆነ ነገር ላይ በማተሙ ነው።

ዴንማርክን ያየ ደግሞ ይገረማል። ባንዲራቸው ከሰማይ ወረደልን የሚል የዘመናት ትውፊት አላቸው፤ ያንኑ ባንዲራ በልደት ኬክ ላይ ይሰኩታል፣ የገና ዛፍን ያስጌጡበታል። መሬት እንዳይነካ ግን ይጠነቀቃሉ። ኬክ ላይ የሰኩት ሰዎች ሀገራቸውን የናቁ አይደሉም፤ ደስታ ባለበት ሁሉ እንዲገኝ የፈለጉ ናቸው።

ከወገብ በላይ

የሕንድን ሕግ ለኛ ይቀርባል ያልሁት በምክንያት ነው። ሕንዶች በአዋጅ የጻፉት የኛ ሰው በነጠላው ሲናገረው የኖረውን ነው። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ ሲቆም፣ ዙር አባ ዝማሬና መዋሥዕት ሲባል የቆመን ሰው እዩት፤ ነጠላውን መስቀልኛ አጣፍቷል። ትልቅ ሰው ፊት የቀረበ ያደገድጋል። ሐዘን ላይ የጥለቱ ቦታ ይለወጣል። ያው አንድ ጨርቅ ነው፤ አለባበሱ ግን ክብርን፣ ደስታን፣ ሐዘንን ይናገራል። በጨርቅ አቀማመጥ ይህን ያህል የሚናገር ሕዝብ ባንዲራን የት ማድረግ እንዳለበት ለማወቅ አይቸገርም።

ስለዚህ ዕቃዎቹን በዚህ ሚዛን እያነሣን እንያቸው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ባርኔጣ፣ የግንባር ማሰሪያ፣ ካናቴራ፦ ሁሉም የከፍታ ቦታዎች ናቸው፤ ነቀፋ የለባቸውም። ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ሰንደቁም ከደራርቱ ጋር ዞረ። የኦሎምፒክ ወርቅ በማግኘት ከጥቁር አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ያኔ የኮከቡ ዓርማ ገና አልተወሰነም ነበር። የዚያን ቀን ባንዲራ በሰው ገላ ላይ መሆኑ ማንንም አላሳፈረም፤ እንዲያውም እሷን ያየ ልጅ ሁሉ በትከሻው የሚያደርገው ፈለገ። ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ሻርፕ የዚያ ምኞት ልጅ ነው።

ዱላና ማሲንቆ የሰው እጅና ድምፅ ናቸው፤ ባለቤቱ የሚያከብራቸው ዕቃዎች በመሆናቸው ቀለሙም ይከበራል። መሶብ እንጀራ የሚቀመጥበት፣ ተነሥተው የሚቀበሉት ነው፤ ከመሶብ የተሻለ የክብር ቦታ ለማግኘት ይከብዳል። ባጃጅና አይሱዙ ላይ የተለጠፈው መልካም ነው፤ ችግሩ ክረምቱ ሲያልፍ ግማሹ ተልጦ፣ ግማሹ ጭቃ ለብሶ የሚቀር መሆኑ ነው። የለጠፈ ሰው ሊያጥበው፣ ሲላጥም ሊያነሣው ይገባል።

ጫማ፣ ካልሲ፣ የበር ላይ እግር መጥረጊያ፣ የመኪና ውስጥ ምንጣፍ፣ መቀመጫ፣ የውስጥ ልብስ፦ እነዚህ ላይ አያት ትክክል ናቸው። በሀገራችን እግር ሥር የተጣለ ነገር የተዋረደ ነው፤ ይህን የማይረዳ የለም። ልጁ ወድጄው ነው ቢልም፣ ያየው ሰው የሚያነበው የልጁን ልብ አይደለም፤ የጫማውን ቦታ ነው። አንድ ልዩነት ግን አደርጋለሁ፦ ሯጭ። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ የኢትዮጵያን ስም ባስጠራበት ሀገር፣ የአትሌት እግር ከትከሻ አያንስም። ለሀገሩ የሚሮጥ ሰው መሮጫ ጫማው ላይ ሦስት ቀለም ቢያደርግ የምቃወምበት አፍ የለኝም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ጫማው አይደለም። በየበዓሉ መንገድ ላይ በክር ተሰክተው የሚንጠለጠሉት የላስቲክ ባንዲራዎች ናቸው። በጥምቀት ዋዜማ ወጣቱ ገንዘብ አዋጥቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ ይሰቅላቸዋል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ክሩ ይበጠሳል፤ ባንዲራው ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ከብት ይረግጠዋል። የሰቀለው እጅ የት ሄደ? በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ምሰሶ ላይ ፀሐይ በልቶት ቀዩ ጽጌረዳ የመሰለ፣ ነፋስ ጫፉን የተለተለው ሰንደቅም አለ። የጋይንቷን ነፋስ መውጫን በመሰለ ብርዳምና ነፋሻ ከፍታ ጨርቅ ዕድሜ የለውም። ዓርማው በመካከሉ ስላለ ሕጉ የተሟላ ይመስላል፤ ለዓይን ግን ቅዳጅ ነው። አንድ ጎረምሳ በዱላው ላይ የጠመጠመውን ላስቲክ አጥቦ ሲይዝ፣ መንግሥታዊ ምሰሶ ላይ ቅዳጅ ሲውለበለብ፣ ማን እንዳከበረ ግልጽ ነው።

ንግዱም መታየት አለበት። ቀለሞቻችን ከእጃችን የወጡት ዛሬ አይደለም። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ የኢትዮጵያን ቀለማት ለባንዲራዋ ወሰደች፤ ሌሎች የአፍሪካ ሀገሮችም ተከተሉ። ራስ ተፈሪያውያን ደግሞ ከጃማይካ አንሥተው በዓለም ገበያ ላይ አዋሉት፤ ቀበቶው፣ ኮፍያው፣ ቦርሳው፣ የሲጋራ ማቀጣጠያው ሳይቀር ሦስት ቀለም ነው። በውጭ ሀገር ያለ ኢትዮጵያዊ ያንን ሲያይ አንዳንዴ ይኮራል፣ አንዳንዴ ይሸማቀቃል። ቀለሙን የወሰዱት ግን ባርነትን ያዩ ሕዝቦች ናቸው፤ ነፃ የቀረችን ሀገር ምልክት ፈልገው ወሰዱት። ከዚህ የበለጠ አክብሮት ከወዴት ይመጣል? ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ቅር ሊለን ይችላል፤ ሰዎቹን ግን ልናመሰግን ይገባል።

ቀለሙ ወገን መለያ ሲሆን

እስካሁን የተባለው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት ባንዲራ ያለበት ዕቃ የባለቤቱን ልብ መፈተሻ ሆኗል። ዓርማ የሌለው ሻርፕ ያደረገ አንድ ዓይነት ሰው፣ ባለ ዓርማውን የያዘ ሌላ ዓይነት ሰው ተደርጎ ይቆጠራል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀናት፣ ከውጭ የሚመለሱ የፖለቲካ ድርጅት መሪዎችን ለመቀበል በሚደረግ ዝግጅት፣ በአዲስ አበባ ወጣቶች የመንገድ ጠርዝና አጥር በየራሳቸው ባንዲራ ቀለም በመቀባት ተጋጩ። ድንጋይ ተወራወሩ፤ ሰው ተጎዳ። ከዚያም ወዲህ በተለያዩ ዓመታት በጥምቀትና በዓድዋ በዓል ዋዜማ የፀጥታ አካላት ከሕገ መንግሥቱ ውጭ የሆነ ባንዲራ እንዳይያዝ ሲያስጠነቅቁ፣ በልብሳቸው ምክንያት ወጣቶች ሲያዙ አይተናል።

ሁለት ነገር በግልጽ መናገር ይገባል። አንደኛ፣ ለነጠላ ጥለት ሰው ማሰር ስህተት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 244 የሀገርን ምልክት ማዋረድን ሲቀጣ የሚያየው የሰውዬውን ክፉ ሐሳብ፣ ተንኮሉንና ንቀቱን ነው። ጥለት የለበሰ ሰው ንቀት የለበትም። የፈለገውን ያህል ቢፈተሽ የሚገኘው ፍቅር ነው።

ሁለተኛው ለኛው፣ ሦስቱን ቀለሞች ለምንወድ ነው። ጎረቤትህ በዚህ ቀለም ሳይሆን በሌላ ሲያጌጥ አንተ ባንዲራህን እንደ በትር ከያዝህበት፣ ያዋረድኸው አንተ ነህ። ሌላውን ሰው ለማሳነስ የተለጠፈ ባንዲራ ትከሻ ላይ ይሁን ጉልላት ላይ፣ ጫማ ላይ ከተሰፋው የከፋ ነው። በመሣሪያ ማንገቻ ላይ የተጠለፈውም በዚሁ ሚዛን ይታያል። ለሀገር ድንበር የቆመ ሰው ቢያደርገው ያምርበታል፤ የወንድም ደም ለማፍሰስ በወጣበት ቀን ያው ጥልፍ ባለቤቱን ይከሰዋል።

የሰንደቅ ዓላማውን አዋጅ ነገ የሚያሻሽሉ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ አለ። የተሰቀለው ሰንደቅ በምን ክብር ይያዝ የሚለውን ጠብቀው ይጻፉ። የግል ዕቃን ግን ለይተው ያስቀምጡ፦ ነጠላ፣ መሶብ፣ ዱላ፣ ባርኔጣ፣ መኪና ላይ ያለ ቀለም ሰንደቅ እንዳልሆነ፣ ዓርማም እንደማይጠየቅበት በግልጽ ይናገሩ፤ ከወገብ በታችና እግር ሥር የሚውለውን፣ አንድ ቀን ተጠቅመው የሚጥሉትን ደግሞ በስም ዘርዝረው ይከልክሉ። እስከዚያው ድረስ እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን እንይ። በበዓል ሰሞን የሰቀላችሁትን የላስቲክ ባንዲራ በማግሥቱ አውርዱት። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ከሆናችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት ወደ ምሰሶው ቀና በሉ፤ የተሰቀለው ካረጀ ይውረድ፣ አዲስ ይገዛ።